አንድ እስር ቀርከሃ

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት በሩ ላይ ተቀብላ፣ ክንዱን ደግፋ ወደ ውስጥ እያስገባችው፣ «ጋሼ፣ ለለቅሶ ደራሹ መቀመጫ አሰናድተናል፤ እርስዎ ምንም አያስቡ» አለችው። ፍላጻ ሠሪው ገና የመቃብሩ አፈር ከጫማው አልረገፈም ነበር። ቀና ብሎ ሲያይ የሥራ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆኗል። ወለሉ ታጥቧል፤ የተዋሷቸው ወንበሮች በግራና በቀኝ ተደርድረዋል። መስኮቱ ሥር፣ አግዳሚው ላይ፣ ግድግዳው ጥግ ለየብቻ ተከምረው የነበሩት ቀርከሃዎች አንዳቸውም በቦታቸው የሉም። ሁሉም ተሰብስበው፣ ወገባቸውን በሲባጎ ጥብቅ ተደርገው ታስረው፣ ከበሩ ኋላ እንደ ትልቅ መጥረጊያ ቆመዋል።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኑ የሄደበትን አየች። «ተበታትነው ስለነበር አንድ ላይ አሰርናቸው» አለች። «አንዲትም አልተሰበረች።»

እጆቿን አየ። ሴትየዋ ከማለዳ ጀምራ ስታጥብና ስትጠርግ ውላ የጣቶቿ ጫፍ ተጨማዷል። «እግዜር ይስጥሽ» አላትና ያሳየችው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ተበታትነውስ አልነበሩም። ሦስት መቶ ያህል ዘንግ ነው፤ እህቱ ባለፈው በጋ ከቆራጮቹ እየመረጠች ተቀብላ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃ፣ ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ አንድ በአንድ እያነሳች እየጣለች የለየችው። መስኮቱ ሥር ያለው አንድ ዓይነት፣ አግዳሚው ላይ ያለው ሌላ ዓይነት፣ ግድግዳው ጥግ ያለው ደግሞ ሌላ። የትኛው ክምር ምን እንደሆነ የጻፈችበት ወረቀት የለም፤ ምልክትም አድርጋ አታውቅም። ሁሉንም ይዛ የኖረችው በጭንቅላቷ ነው። ያ ጭንቅላት ዛሬ አፈር ለበሰ፤ እሱ መቃብር ላይ ቆሞ ሳለ ደግሞ ክምሮቹ አንድ እስር ሆኑ። እህቱን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የቀበራት መሰለው፤ ሁለተኛውን ቀብር ግን ከሱ በቀር ያወቀ አልነበረም።

«እትዬ» ነበር የሚላት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲላት ሰፈሩም ተቀበለውና፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ እትዬ ሲሏት ኖረች። ሰባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ ሳትታመም ሳታቃስት፣ እንደተኛች ቀረች። እሱ ያወቀው በዝምታው ነው። ዘወትር ጠዋት የሚቀሰቅሰው ቀርከሃ ድንጋይ ላይ ስትጥል የሚሰማው ድምፅ ነበር። ያን ቀን ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ እስክትወጣ ድረስ ተኛ። የመጨረሻ ንግግራቸው ምን እንደነበር ለማስታወስ ደጋግሞ ሞክሯል፤ ስለ አምፖል ይመስለዋል። ተቃጥሏል ቀይረው ብላው፣ ነገ ብሏት ነበር።

በማግሥቱ ለቅሶ ደራሹ ከጠዋት ጀምሮ አልተቋረጠም። ሰው ሲመጣ ይነሳል፣ ይተቃቀፋል፣ ይቀመጣል፤ ሻይ በትሪ ይዞራል፤ ትንሽ ዝም ይባልና ስለ ኑሮ ይወራል። ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ከሁሉ ኋላ የሚወጣው «ሊቀመንበር» ነው። ስሙ የወጣለት የመራው ማኅበር ኖሮ አይደለም፤ የሄደበት ቤት ሁሉ ምቹውን ወንበር መርጦ ስለሚይዝ ነው። እሱ ስለ እትዬ ሻይ አነሳ፤ እንደዚያ ያለ ሻይ የትም አልጠጣሁም አለ። ሌላዋ ስለ ዝምታዋ አወራች፤ አርባ ዓመት በጉርብትና ስትኖር ድምጿ ከፍ ሲል አልሰማሁም አለች። ልብስ ሰፊዋ እትዬ የተቀዳደደ ልብስ አምጥታላት እንደማታውቅ፣ ሁሉንም ራሷ በእጇ እንደምትጥፍ ተናገረች። እንዲህ እያሉ ደግ፣ ጭምት፣ ቤት ጠባቂ ሴት እያደረጉ ሸኟት። ፍላጻ ሠሪው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። ስለ ቀርከሃ ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። እነሱ የሚያለቅሱላት ሻይ ለምታፈላ ሴት ነው፤ እሱ የሚያለቅሰው ለሌላ ሴት ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ አንድ ሳጥን ውስጥ ተኝተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፍላጻ ለብቻው የቱንም ያህል ቢያምር አይረባም። ቀስተኛ የሚፈልገው አሥራ ሁለት መንትዮችን ነው፤ አንዱ በበረረበት ሁሉም የሚበርሩ። ቀርከሃ ደግሞ ከፋብሪካ አይወጣም፤ እንደ ሰው ነው፣ ከአንድ ቁጥቋጦ የበቀሉ ሁለቱ እንኳን አይመሳሰሉም። አንዱ ገና ለጋ ሳለ ተቆርጦ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አንዱ አንጓው ተቀራርቦ ይደነድናል፤ አንዱን ነቀዝ ከውስጥ በልቶት ላዩ ያብለጨልጫል። እትዬ እያንዳንዱን ዘንግ መስታወት ላይ ታንከባልለዋለች። አንጓዎቹን ከሌላው አንጓ ጋር ታስተያያለች። ከዚያ ከስንዝር ከፍታ ድንጋይ ላይ ትጥለዋለች፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። በመጨረሻ ጫፉን ድንጋዩ ላይ አቁማ ወገቡን በአውራ ጣቷ ገፋ ታደርገዋለች። ይህችን ግፊት ነው ማንም ከሷ ያልተማረው። ሲገፉት እምቢ የሚለውን «ኩሩ» ትለዋለች፤ ቶሎ እሺ የሚለውን «ልፍስፍስ»። በመሃል ደግሞ ስም የሌላቸው ሰባት ስምንት ዓይነቶች አሉ። ሚዛን ገዝቶ ያመጣላት ጊዜ ስቃበት ነበር። ሁለት እኩል የሚመዝኑ ዘንጎች አንስታ አስገፋችው፤ አንዱ እንደ ብረት፣ አንዱ እንደ ገመድ። «ሚዛንህ ክብደት ያውቃል፤ ጠባይ አያውቅም» አለችው።

እሱ የሚችለው ማቃናት ነው። ፍም ላይ እያሞቀ አንጓ በአንጓ ቀጥ ማድረግ፣ ላባ መቁረጥና ማጣበቅ፣ ሹሉን መግጠም፤ በዚህ አይታማም። አባታቸው ያስተማረው ለሱ ነበር። እትዬን ያስተማራት የለም። ልጅ ሳለች አባቷ ለማገዶ የጣለውን ስታገላብጥ ቆይታ፣ አሥራ ሁለት ዘንግ መርጣ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አባትየው ለጨዋታ ብሎ ሠራቸው፤ ከሠራቸው ሁሉ በለጡ። ከዚያ በኋላ የምትለየው እሷ ሆነች። ነገር ግን ሽማግሌው የዘመኑን ቀስተኞች ያውቃል፤ ልጅ የመረጠችው ነው ቢሏቸው ሳይሞክሩት ይመልሱታል ብሎ ሰጋ። ይህ ነገር በቤታችን ይቅር አለ። ሽማግሌው ሞተ፤ እነዚያ ቀስተኞችም አንድ በአንድ አለቁ። ምክንያቱ ከነሱ ጋር ተቀበረ፤ ዝምታው ግን ከቤቱና ከፍም ማንደጃው ጋር ለወንድ ልጁ ተረፈ።

አንድ ጊዜ ብቻ ተፈትኗል። እትዬ የታመመች አክስት ልታስታምም አንድ ወር ሄዳ ሳለች፣ ራሱ ለይቶ ራሱ ሠርቶ አንድ ደርዘን ሸጠ። በሁለተኛው ሳምንት ገዢው መጥቶ ፍላጻዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ የተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው አለው። እሱም በአየሩ እርጥበት አሳበበ። እትዬ ስትመለስ ዘርግታ አየቻቸው፤ አምስቱን አስቀረች፤ ሰባት ጨመረች፤ አንድም ቃል አልተናገረች። ቢያንስ ብትስቅበት ይሻለው ነበር።

ከዚያም አንድ ሰው ካሜራ ይዞ የመጣበት ቀን አለ። የእጅ ሙያ ስለያዙ ሰዎች ለቴሌቪዥን እየቀረጸ ነበርና፣ ቀርከሃውን እንዴት ነው የሚመርጡት ብሎ ጠየቀው። እትዬ የሻይ ትሪ ይዛ ከካሜራው ኋላ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሱ መዳፉን ወደ ካሜራው ዘርግቶ «እጄ ይነግረኛል» አለ። ማታ ራት ስታቀርብ፣ «በል እጅህን ጥራው፤ እሱ ነው የሠራው፣ እሱ ይብላ» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ እንጂ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ዘንጎቿንና በርጩማዋን ይዛ ወደ ጓሮ መውጣት ጀመረች። እሱም ተይ አላላትም።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ሟቿ ብዙ ተብሏል፣ እስቲ ስለ ወንድሟ እንናገር ብሎ ጀመረ። ባል ያላገባች፣ ልጅ ያልወለደች እህቱን አርባ ዓመት በጣሪያው ሥር ይዞ፣ ሳያስከፋት፣ ሳያስርባት፣ በሱ ሙያ እንጀራዋን እየበላች በክብር እንድታርፍ አደረገ፤ እንዲህ ያለ ወንድም ለስንታችን አለን አለ። ሰዉ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን ጠረገች።

ፍላጻ ሠሪው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ በሷ ሙያ እንጀራ ስበላ የኖርኩት» አለ። «ዘንጉን የምትለየው እሷ ነበረች። ሁሉንም። እኔ ለይቼ አላውቅም፤ አልችልምም። በቴሌቪዥን የተናገርኩት ውሸት ነው።»

ከዚያ ሊቀመንበር ከምቹው ወንበር ተነስቶ መጣ፤ ሦስት ቀን ያልተነሳ ሰው ተነስቶ መጣና ትከሻውን ያዘው። አይዞህ ወንድሜ፣ ሐዘን ሰውን እንዲህ ያናግረዋል አለው። እኔም እናቴ የሞተች ጊዜ የበደልኳት ብቻ ነበር የሚታየኝ አለ። አንዲት አሮጊት እንዲህ ያለ ትሕትና ድሮ ቀረ ብለው አደነቁ። ሌላው ትንሽ ይተኛ፣ እንቅልፍ አላገኘም መሰለኝ አለ። ውኃ አመጡለት። የሃምሳ ዓመት ውሸት በአንድ አፍ ሲያምኑት ኖረው፣ እውነቱን ሲነግራቸው አላመኑትም። ውኃውን ጠጣ። እንደዚያ ቀን ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

በሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ቀስተኛ ደንበኛው ግን ውኃም አላቀበለችው፣ አይዞህም አላለችው። ሠላሳ ያልሞላት፣ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። ስድስት ዓመት ከሱ ፍላጻ ሌላ ይዛ አታውቅም፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ትልቅ ውድድር አለባት፤ ለዚያ የሚሆነው ደርዘን ደግሞ አሁን ከበሩ ኋላ ከታሰሩት ዘንጎች ሊወጣ የታሰበ ነበር። ያን ቀን ሳትናገር ሄደች። በአራተኛው ቀን ሰው ጋብ ሲል ተመልሳ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ቀድሟት ስለ ውድድሩ አነሳ፤ ፍላጻዎቹን እንደማያደርስላት፣ ሌላ ቦታ እንድትፈልግ ነገራት።

«ጋሼ፣ ትናንት ያሉትን እኔ አውቀው ነበር» አለችው።

ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ይመጡ ነበር። ስወረውር ከኋላዬ ይቀመጣሉ።»

እትዬ ቅዳሜ ከሰዓት የምትሄደው እግሯን የሚያማት ጓደኛዋን ለመጠየቅ ነበር። ቢያንስ ለሱ እንዲያ ነበር የምትለው። በቀብሩ ቀን ያቺን ጓደኛዋን በዓይኑ ሲፈልግ፣ የምታነክስ ሴት አጥቶ ገርሞት ነበር። ይህንኑ ነገራት።

«እንግዲያው ጓደኛቸው እኔ ነኝ» አለች ቀስተኛዋ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «እግሬን ግን አሞኝ አያውቅም።»

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችው። እትዬ ፍላጻው ከቀስቱ ሲወጣ ዓይኗን እንደምትጨፍን፣ ዒላማው ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የትኛው ዘንግ እንደሆነ ሳታይ በድምፁ እንደምታውቅ። አንዲቱን «ይቺ ተቀይማለች፣ ከጓደኞቿ አውጫት» እንዳለቻትና በሳምንቱ ያ ፍላጻ አንጓው ላይ እንደተሰነጠቀ። ይህን ሁሉ ሲሰማ ደስ አለው፣ ቀናም። ሃምሳ ዓመት ፍላጻ ሲሠራ እሱ አንድም ቀን ሜዳ ወርዶ ሲበርር አላየም፤ የሚጠይቁት ቢበዙ ምን እመልሳለሁ ብሎ ይፈራ ነበር።

«ለምን አትናገርም ነበር? ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?» አላት።

«አንዴ ጠይቄያቸው ነበር። ውሸቱን የወለደው ወንድሜ አይደለም፤ አጉርሶ ያሳደገው ግን እሱ ነው አሉኝ።»

«አዝናብኝ ነበር?»

«አንዳንድ ቅዳሜ» አለች።

እሱም ሌላ አልጠየቀም። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችውም፤ ከአራት ቀን ማጽናኛ ሁሉ ይህ ቀለለው። እሷ ደግሞ ወዲያና ወዲህ አይታ፣ ታዲያ እትዬ ለይተው የጨረሷቸው የት አሉ ብላ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ ከጎናቸው ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። ፍላጻ ሠሪው ከበሩ ኋላ ወደቆመው እስር በአገጩ ጠቆመ።

«ተደባልቀዋል።»

«ምን ሆነው?»

«እኔ ነኝ ያደባለቅኋቸው» አለ። «ሳላስብ።»

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆዎቿን ይዛ አልፋ ሄደች። ቀስተኛዋ እስሩን፣ ከዚያ አዲስ የታጠበውን ወለል፣ ከዚያ ሴትየዋን አየች፤ የገባት ይመስላል፤ አልተናገረችም። ከተነሳች በኋላ ግን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ የሚችለውን ያህል ዘንግ ላባ ሳያደርግ ሹል ብቻ ገጥሞ እንዲያመጣላት ጠየቀችው። ላባ ያልለበሰ ዘንግ ጠባዩን መደበቅ አይችልም፤ ላባ ነው ጥፋቱን የሚያርመው። እኔ እወረውራለሁ፣ እርስዎ ያያሉ፤ የእትዬን እጅ ባናገኘው ዓይናቸውን እናገኘው ይሆናል አለችው።

በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን ሰው አነሰ። ወንበሮቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ሊቀመንበርም የሚመርጠው ወንበር ሲያጣ ቀረ። ፍላጻ ሠሪው ሲባጎውን ፈታ። ዘንጎቹ ወለሉ ላይ እየተንኳኩ ወረዱና ክፍሉን ሞሉት። መጀመሪያ እንደሷ ሞከረ፤ አንዱን ድንጋይ ላይ ጣለ፣ አዳመጠ፤ ሌላውን ጣለ። ለሱ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው። በአውራ ጣቱ ገፋ፤ አንዱ ኩሩ መሰለው፤ ሦስት ሌሎች ገፍቶ ሲመለስበት ልፍስፍስ ሆኖ ጠበቀው። ተናደደ። እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ እንዴት ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ ብሎ ባዶውን ክፍል ተቆጣ። ከዚያ ዝም ያለችው እሷ ብቻ እንዳልነበረች ታወሰው። ፍሙን አቀጣጠለ። የሚያውቀውን ሠራ፤ ሠላሳ ዘንግ አቃና፣ ሹል ገጠመ፣ ኋላቸውን ለቀስቱ አውታር ሰንጥቆ አዘጋጀ። ልብስ ሰፊዋ ምሳ ይዛለት መጥታ፣ ሥራ መጀመርዎ ጥሩ ነው፣ ሐዘን በሥራ ይረሳል አለችው። ልክ ነሽ አላት። ምሳውንም በላ።

በሰባተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠላሳውን በክንዱ ታቅፎ ሜዳው ደረሰ። ሜዳው ሣሩ የተቃጠለ፣ ጥግ ጥጉን የሽቦ አጥር ያለው ተራ ሜዳ ነው። ከቀስተኛዋ በቀር ሰው አልነበረም። እትዬ የምትቀመጠው የት እንደሆነ ጠየቃት፤ ከአጥሩ ሥር ያለውን አግዳሚ አሳየችው። ሄዶ ተቀመጠ። ከኪሱ እርሳስ አወጣ። እሱ እንደ እህቱ በጭንቅላቱ መያዝ አይችልምና፣ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ሊጽፍ ወስኗል።

የመጀመሪያዋ ዘንግ ከቀስቱ ስትወጣ እንደ ዓሣ ጅራቷን እያወራጨች ወደ ግራ ሸሸች። ኩሩ ናት ማለት ነው። በሕይወቱ መጀመሪያ ያያት በረራ ናት፤ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀስተኛዋ ሄዳ ነቅላ አመጣችለት፤ «ግራ» ብሎ ጻፈባት። ሁለተኛዋ ወደ ቀኝ። ሦስተኛዋ ወደ ቀኝ። አራተኛዋ ትንሽ ተንቀጥቅጣ ጸጥ አለችና ሰሌዳው መሃል ላይ ተተከለች። ቀስተኛዋ ዞር ብላ፣ «ይቺ ደህና ናት» አለችው። «ደህና» ብሎ ጻፈ።

ፀሐይ ወደ አጥሩ እስክታዘቀዝቅ ድረስ እንዲህ ቀጠሉ። ወደ ሃያዎቹ ሲደርሱ አንዲቱን ከመወርወሯ በፊት በአውራ ጣቱ ገፋት፤ ወደ ግራ ትሄዳለች አለ በሆዱ፤ ወደ ግራ ሄደች። ቀጥሎ ያላትን ገፍቶ ቀኝ አለ፤ መሃል ገባች። ስቆ አያውቅም ነበር ሰባቱን ቀን፤ ለብቻው ፈገግ አለ። ከሠላሳው ሃያ ሦስቱ ወዲያና ወዲህ ሆኑ። ለደርዘኑ ገና አምስት ይቀራል፤ ቀስተኛዋም የሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሠላሳ ይዘው ይምጡ አለችው። ይመጣል።

የመጨረሻዋ ዘንግ ቀጥ ብላ ሄዳ መሃል ላይ ስትተከል ራሱ ተነስቶ ሄደና ነቀላት። አግዳሚው ላይ ተመልሶ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ «ደህና» ብሎ ጻፈባት። እርሳሱ ግን እንደሌሎቹ አልተነሳም። ቀስተኛዋ ጀርባዋን ሰጥታ የቀስቷን አውታር እየፈታች ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ ፊደሉን እያሳነሰ፣ አጠገቡ «ሁኚ» ብሎ ጨመረ። በአውራ ጣቱ ሊያጠፋው ዳሰስ አደረገው፤ ተወው። ከስድስቱ አጠገብ አስተኛትና ሰባቱን በመሐረቡ አሰራቸው።